የሐሙስ እራትና ዐሥር ሺህ ኪሎ ሜትር

ሽሮ ሜዳ መጥታችሁ «ካሳሁን የሚባል ሰው ታውቃላችሁ?» ብትሉ የሚያውቀኝ የለም። «ካሱ ትኬት» በሉ፤ ያልተወለደ ልጅ እንኳ በጣቱ ይጠቁማችኋል። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የአይሮፕላን ትኬት ስቆርጥ ኖሬያለሁ። ከእኔ የበለጠ ሰው ወደ ሰማይ የላከ ቄስ ካለ ይምጣና እንወዳደር። ልዩነታችን የእኔዎቹ ደርሶ መልስ መሆናቸው ብቻ ነው።

ቢሮአችን ባለፈው ሰኔ ተዘጋ። ሰው አልጋው ላይ ተጋድሞ በስልኩ ትኬት መቁረጥ ከጀመረ ወዲህ ዝንብ እንኳ የሚመጣው መንገድ ስቶ ነበር። ዕድሜዬ ለጡረታ አልደረሰም፤ ሥራዬ ነው ከእኔ ቀድሞ ጡረታ የወጣው። በስንብቱ ቀን የግድግዳ ሰዓት ሸለሙኝ። የቢሮው ሰው በሙሉ እኔና ሰዓት ያለንን ታሪክ ስለሚያውቅ እየሳቀ ነው ያጨበጨበልኝ። ታሪኩን እነግራችኋለሁ፤ ግን ከመጀመሪያው ልነሣ።

ሥራ የጀመርኩት ፒያሳ ዋናው ቢሮ ነው። የመጀመሪያው አለቃዬ እስክሪብቶ በሲባጎ ከጠረጴዛ ጋር የሚያስሩ ሰው ነበሩ። አንድ ቀን ደንበኛው ሲፈርም ሲባጎው አጠረና ሰውዬው ተንበርክኮ ፈረመ። ስለ ደመወዙ አልነግራችሁም፤ እናንተም አልቅሳችሁ እኔንም ታስለቅሱኛላችሁ። ከዚያ መርካቶ ተዛወርኩ። እዚያ ነው አፌ ጣጣ ያመጣብኝ። አንድ ነጋዴ «ወንድሜ፣ የአይሮፕላኑ መስኮት ይከፈታል?» አለኝ። «ሲጠይቋቸው ነው የሚከፍቱት፤ አይፈሩ» አልኩት። ሰውዬው ቃሌን አምኖ ደመና ላይ ሲደርስ አስተናጋጇን መስኮት አስከፍቺልኝ ብሎ ሲያስጨንቃት ዋለ። ሲመለስ የጻፈብኝ የአቤቱታ ደብዳቤ ከእኔ የሥራ ውል ይረዝም ነበር። ለቅጣት ጉለሌ ተላክሁ። ቅጣት እንዲህ ከሆነ ሁልጊዜ ይቅጡኝ።

የጉለሌው ቢሮ ሽሮ ሜዳ፣ ከነጠላና ከጋቢ ሱቆች በላይ ባለች አንዲት ክፍል ነበር። ከበስተጀርባችን የሸማኔው መወርወሪያ ቀኑን ሙሉ ቃ፣ ቃ ይላል። በዚያች ክፍል ውስጥ ጋሽ ዓለማየሁ ነበሩ። በክረምትም በበጋም ክራቫት የሚያስሩ፣ እንደ ጧፍ ቀጥ ያሉ ሰው። አይሮፕላን ተሳፍረው አያውቁም። ከመሬት ከፍ ያሉበት ትልቁ ቦታ እንጦጦ ነው፤ እሱንም በእግራቸው። ሆኖም ከየትኛው ከተማ እስከ የትኛው ከተማ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ከአብራሪው በፊት የሚያውቁት እሳቸው ነበሩ።

ጠረጴዛቸው ላይ ሐብሐብ የሚያክል የዓለም ሉል አለ። አዲስ አበባ ላይ መርፌ ሰክተው፣ መርፌው ላይ ሁለት ስንዝር ነጭ ክር አስረዋል። ደንበኛ «ቶሮንቶ ምን ያህል ይርቃል?» ሲል ክሩን በሉሉ ላይ ወጠር አድርገው ይስቡና ቶሮንቶ ላይ በጥፍራቸው ቆንጠጥ ያደርጉታል። ከዚያ ክሩን ማስመሪያ ላይ ዘርግተው በልባቸው ያሰላሉ። «አይሮፕላን በሰዓት ስምንት መቶም ዘጠኝ መቶም ኪሎ ሜትር ይበላል። ለመነሻና ለማረፊያ ግማሽ ሰዓት ጨምርለት» ይሉኛል። ግድግዳው ላይ የተሰቀለ ትልቅ ካርታ እያለ ለምን ሉል ላይ እንደሚለኩ ስጠይቃቸው፣ «ካርታ ውሸታም ነው። ብርቱካንን ልጣጩን ሳትቀድ ጠፍጣፋ ልታደርገው ትችላለህ? ክር ግን አይዋሽም» አሉኝ። መጀመሪያ ሳቅሁ። በኋላ ሳየው አይሮፕላኖቹ የሚሄዱበት መንገድ የክሩ መንገድ ነው።

ሰዓቱንም ለሰው በሰው ቋንቋ ይነግሩታል። «ዐሥራ ሦስት ሰዓት» ብቻ ብለው አይተዉም። «በድሮ አውቶቡስ ደሴ ገብተህ፣ ፊትህን ታጥበህ፣ በልተህ፣ ከባለ አልጋው ጋር እስክትጣላ ድረስ ነው» ይላሉ። አንድ ጊዜ ከታች ጨርቅ የሚሸጡ ሐጂ በረመዳን ወደ ቻይና ሊሄዱ መጥተው፣ «ዓለማየሁ፣ እኔ ርቀቱን አልጠየቅሁህም። መግሪብ የት ይደርስብኛል?» አሏቸው። ጋሽ ዓለማየሁ ክሩን ወደ ምሥራቅ ሳቡና፣ «ሐጂ፣ ሲሄዱ ፀሐይን ፊት ለፊት ነው የሚያልፏት፤ ቶሎ ትጠልቅልዎታለች። ሲመለሱ ግን አብራዎት ነው የምትሄደው፤ ጾሙ ይረዝምብዎታል» አሏቸው። ሐጂ አሰብ አደረጉና፣ «እንግዲያው መመለሻውን ከዒድ በኋላ አድርግልኝ» አሉ። እኔ ደግሞ፣ «ሐጂ፣ እዚያው ወደ ምሥራቅ እየዞሩ ቢጾሙ ወሩ በሳምንት ያልቅልዎታል» ብዬ በመቁጠሪያቸው ጀርባዬን ቀመስኩ።

የጋሽ ዓለማየሁ ዋናው ልማድ ግን ሌላ ነበር። የሌሊት በረራ ትኬት ለማንም ሰው ሲሰጡ፣ ትኬቱን በአንድ እጃቸው እንደያዙ ሳይለቁ ይጠይቃሉ፦

«ከመሄድዎ በፊት ቤትዎ እራት የሚበሉት በምን ቀን ነው?»

ደንበኛው «ሐሙስ» ካለና ልክ ከሆነ ትኬቱን ይለቃሉ። «ዓርብ» ካለ እንደገና አስቀምጠው ያስረዱታል። እኔ ይሄን በጣም ነበር የማሾፍበት። «ጋሼ፣ ደግሞ ጸሎተ ሐሙስ አደረጉት! እግርም ይጠቡላቸው እንጂ» እላለሁ።

አንድ ቀን ቆጣ ብለው ነገሩኝ። «አንተ ቀላማጅ፣ ስማ። ፈረንጅ ቀኑን የሚለውጠው እኩለ ሌሊት ላይ ነው። ለእኛ ቀን የሚለወጠው ሲነጋ ነው። ትኬቱ ዓርብ ይላል፣ ሰዉ ሐሙስ ሌሊት ይላል። በመካከሉ ያለው ስድስት ሰዓት ገደል ነው። ሰዓቱን መተርጎም ማንም ይችላል፤ ሰው የሚገደለው በቀኑ ነው። እራት አጥር ነው፤ አጥሩን ሳታሳይ ሰው አትሸኝ።»

ጋሽ ዓለማየሁ ጡረታ ሲወጡ ሉሉን ከነክሩ ለእኔ ተዉልኝ። አጥሩንም ትተውልኝ ነበር፤ እኔ ነኝ የጣልኩት።

እንዴት መሰላችሁ፤ እትዬ ዘነበች የሚባሉ የቀጨኔ ሴት አሉ። ሽሮ ሜዳ ላይ ለሸማኔዎች ድርና ማግ ይሸጣሉ። አንደበታቸው ምላጭ ነው፤ ጉለሌ ውስጥ በነገር የምፈራው ሰው ቢኖር እሳቸው ናቸው። አንድ ልጅ አለቻቸው፣ ትዕግሥት። አግብታ ብራዚል፣ ሳኦ ፓውሎ ትኖራለች። የዛሬ ጥቂት ዓመት አንድ ከሰዓት በኋላ ደረጃችንን እያለከለኩ ወጡና ወንበር ላይ ተዘረፈጡ።

«ካሱ፣ ብራዚል ላርስ ልሄድ ነው» አሉኝ።

«ምነው፣ እዚህ መሬት ጠፋ?»

«አፍህን ያዝ! ልጄን ነው የማርሰው። የመጀመሪያዋ ነው። በኦፕራሲዮን ነው የምትወልደው አሉ፤ ለቅዳሜ ስምንት ሰዓት ቀጥረዋታል። 'እማዬ፣ እጄን ካልያዝሽኝ አልገባም' ብላ ስታለቅስ ነው ያደረችው። ስንት ይርቃል?»

ክሩን በሉሉ ላይ ሳብኩት። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ አፍሪካን አቋርጦ፣ አትላንቲክን ተሻግሮ ሳኦ ፓውሎ ላይ አረፈ። ስንዝር ሞላ።

«ዐሥር ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ። ዐሥራ ሦስት ሰዓት በቀጥታ።»

እትዬ ዘነበች ርቀቱን ትተው ክሩን በሁለት ጣታቸው እያሹ፣ «ይሄማ የእኔ ማግ ነው! ለዓለማየሁ የሰጠሁት። ሳኦ ፓውሎ ድረስ ከደረሰማ ጥሩ ክር ነው» አሉ።

በዚያ ወቅት ያገኘሁላቸው በረራ ዓርብ፣ በትኬቱ አንድ ከአርባ፣ በእኛ ሌሊት ሰባት ከአርባ የሚነሣ ነበር። በሳምንት ጥቂት ቀን ብቻ ነው የሚበረው። ዓርብ ይደርሳሉ፣ ያርፋሉ፣ ቅዳሜ ከልጃቸው ጋር ሆስፒታል ይገባሉ። ልክክ ያለ ነው።

ከዚያ ቀልዴ ተነሣብኝ። «እትዬ ዘነበች፣ አትላንቲክ ላይ ሲደርሱ 'ወራጅ አለ' ቢሉ የሚያቆምልዎ የለም።» ሳቁ። «ረዳቱም ቢሆን መልስ አይሰጥም።» እንደገና ሳቁ። «እዚያ ሲደርሱ ደግሞ ሰዓትዎን ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ይመልሱ።»

ግራ እጃቸውን ዘረጉልኝ። የእጅ ሰዓታቸው ማዞሪያው ወልቋል። «በምኔ ላዙረው፣ በጥርሴ? ሟቹ የሰጠኝ ነው። ማዞሪያው ከጠፋ ስንት ዘመኑ፤ ግን አንዲት ደቂቃ አዛንፎ አያውቅም። አልነካውም።»

«እንግዲያው ብራዚልን ራሷን ያዙሩልዎ እንላቸዋለን» አልኩ። እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። እኔም በራሴ ቀልድ ሳቅሁ። ትኬቱን ሰጠኋቸው፤ «ዓርብ ሌሊት ሰባት ከአርባ» ብዬ። እራት የሚባል ነገር ከአፌ አልወጣም።

ዓርብ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ በሩ ተከፈተ። እትዬ ዘነበች ናቸው። አዲስ ነጠላ ለብሰዋል፣ ትኩስ ድፎ ዳቦ ታቅፈዋል።

«እንግዲህ ዛሬ ማታ ነው!» አሉ። «ምረቀኝ እንዳልልህ ታንሰኛለህ፤ ልመርቅህ መጣሁ። እንካ ቁረስ።»

ቆርሼ ጎረስኩ። ከዚያ «ዛሬ ማታ» ያሉት ጆሮዬ ገባ። ዳቦው ጉሮሮዬ ላይ ቆመ። አሁንም አንዳንዴ እዚያው ያለ ይመስለኛል።

«እትዬ ዘነበች… አይሮፕላኑ ሄዷል።»

«ወዴት?»

«ሳኦ ፓውሎ።»

«ያለ እኔ?»

ይጮሁብኛል፣ ይሰድቡኛል ብዬ ጠበቅሁ። ቢሰድቡኝ እንዴት በተሻለኝ! ወንበር ስበው ተቀመጡ። ዳቦውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው፣ በቀስታ፣ «ልጄ ብቻዋን ልትገባ ነው?» አሉ።

የሚቀጥለው ቀጥታ በረራ እሑድ ነው። በአውሮፓ በኩል ፈለግሁ፤ ሁሉም ማታ የሚነሣ፣ ሁሉም እሑድ የሚያደርስ። በዓረብ አገሮች በኩል ፈለግሁ፤ ቢፈጥን ቅዳሜ ኦፕራሲዮኑ ካለቀ በኋላ ነው። ኮምፒውተሩ ላይ ጣቴ እስኪደነዝዝ መታሁ። መጨረሻ ላይ ለጋሽ ዓለማየሁ ደወልኩ።

ነገሩን ነግሬያቸው ሳልጨርስ፣ «እራቱን ጠየቅሃት?» አሉኝ።

ስለ በረራው ማውራቴን ቀጠልኩ።

«ካሳሁን፣ እራቱን ጠየቅሃት ወይ?»

«አልጠየቅሁም ጋሼ።»

«በል፣ ለማልቀስ ሌላ ቀን አለህ። ኮምፒውተሩን ተው፤ ክሩን አንሣ። በክሩ ሥር ያሉትን ከተሞች ንገረኝ።»

ክሩን ወጠርኩት። አዲስ አበባ፣ የኮንጎ ጫካ፣ ከዚያ ባሕር። ባሕሩ ጠርዝ ላይ፣ ከክሩ የአውራ ጣት ጥፍር ያህል ዝቅ ብሎ አንድ ከተማ አለ።

«ሉዋንዳ፣ ጋሼ።»

«አንጎላ የማን ቋንቋ ነው የሚናገሩት?»

«የፖርቱጋል።»

«ብራዚልስ?»

ወደ ኮምፒውተሩ ዞሬ ፈለግሁ። ከቀኑ ስምንት ተኩል ከአዲስ አበባ ሉዋንዳ የሚሄድ አለ፤ አምስት ሰዓት። እዚያ ሌሊቱን ይጠብቃሉ፤ ከዚያ በሌላ አይሮፕላን ስምንት ሰዓት። ሳኦ ፓውሎ የሚገቡት ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ ነው። እኔ አውሮፓና ዓረብ አገር ሳማትር፣ መንገዱ አፍንጫዬ ሥር፣ በእትዬ ዘነበች በገዛ ማጋቸው ላይ ተዘርግቶ ነበር። ሁሉም ሰው በሚሄድበት በኩል ፈልጌ፣ ክሩ በሚሄድበት በኩል አልፈለግሁም።

«ተነሡ እትዬ ዘነበች! ሻንጣዎ ዝግጁ ነው?»

«ከሮብ ጀምሮ ታስሮ በሬ ላይ ነው» አሉ፤ ደግሞ አልቀረላቸውም፣ «እኔማ ዝግጁ ነበርኩ።»

ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ ልንገራችሁ? ላዳ ተኮናተርን። ቀጨኔ ቁልቁለቱን ሻንጣውን በራሴ ተሸክሜ ወረድኩ፤ የገብስ ዱቄቱ ብቻ አንድ ጎተራ ይሞላል። ሾፌሩ ቀይ መብራት ላይ በቆመ ቁጥር እኔ ወርጄ መብራቱን ልነቅለው ምንም አልቀረኝም። እትዬ ዘነበች ከኋላ ተቀምጠው በየአምስት ደቂቃው ሰዓታቸውን ያያሉ። እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሽሮ ሜዳ እስከ ቦሌ ድረስ አልቀለድኩም። የከተማው ሰው ሁሉ የታመምኩ መስሎት ሳይሆን አይቀርም።

መግቢያው በር ላይ ሲደርሱ ዞር አሉና፣ «ካሱ፣ አሁን ንገረኝ። ዛሬ ምን ቀን ነው?» አሉኝ።

«ዓርብ።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«እርግጠኛ ነኝ።»

«እንግዲያው ልሂድ» ብለው ገቡ።

ቅዳሜ ቤቴ ቁጭ ብዬ ስልኬ ላይ አፍጥጬ ስጠብቅ ዋልኩ። ስድስት ሰዓት ሆነ፣ ሰባት ሆነ። ሚስቴ ምሳ አቅርባ አነሣች። ሰባት ተኩል ሊሆን ሲል ስልኬ ጮኸች፤ የትዕግሥት ባል ፎቶ ልኮልኛል። የሆስፒታል አልጋ ላይ ትዕግሥት ተጋድማለች፣ እንባዋም ፈገግታዋም አንድ ላይ ነው። አጠገቧ እትዬ ዘነበች በዚያው ባልተቀየረ ነጠላ እጇን ጥብቅ አድርገው ይዘዋል። ደረሱ! ሚስቴ ምን ሆንክ ብላ እስክትሮጥ ድረስ ጮህኩ።

ከተረጋጋሁ በኋላ ፎቶውን አጉልቼ አየሁት። የእትዬ ዘነበች የእጅ ሰዓት ሰባት ከሃያ ይላል። ከበስተኋላቸው የሆስፒታሉ የግድግዳ ሰዓት አለ። እሱም ሰባት ከሃያ ይላል።

ማዞሪያ የሌለው ሰዓት!

ቁጭ ብዬ አሰብኩት። የትኬትን ሰዓት ወደ እኛ አቆጣጠር ስመልስ ስድስት እቀንሳለሁ። የሳኦ ፓውሎን ሰዓት ለማወቅም ስድስት እቀንሳለሁ። ዕድሜ ልኬን ስቀንስ ኖሬ፣ ሁለቱ ቅናሾች አንድ ቁጥር ላይ እንደሚያርፉ ልብ ብዬ አላውቅም። ትዕግሥት «ስምንት ሰዓት» ስትል የእሷ ጠዋት ስምንት ነው፤ እናቷ የሰሙት የእኛን የቀኑን ስምንት ነው፤ እና ያው አንዲት ሰዓት ናት። እናትና ልጅ ዐሥር ሺህ ኪሎ ሜትር ተራርቀው በአንድ ሰዓት ሲኖሩ፣ በመካከል ገብቼ ያደናገርኩት እኔ ባለሙያው ነበርኩ።

ሴት ልጅ ተወለደች። እትዬ ዘነበች በሰማንያ ቀኗ ክርስትና አስነሥተው፣ ወፍረው ተመለሱ። ከቦሌ ቤታቸው እንኳ ሳይገቡ በቀጥታ ቢሮአችን መጡ።

ሰዓት ያሰረ እጃቸውን ጠረጴዛዬ ላይ አሳርፈው፣ «ስማ» አሉ። «ብራዚል ውስጥ ሰው ሁሉ በእኛ ሰዓት ነው የሚሄደው። ሐኪሙ፣ አውቶቡሱ፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ሁሉም ከእኔ ጋር እኩል። የተሳሳትከው አንተ ብቻ ነህ። ደግሞ 'ሰዓትዎን ይመልሱ' ብለኸኝ ነበር! እግዜር ማዞሪያውን ቀድሞ ባይነቅልልኝ ኖሮ ጉድ ሠርተኸኝ ነበር።»

«ይቅር ይበሉኝ እትዬ ዘነበች።»

«ይቅር የምልህ በአንድ ነገር ነው። ከእንግዲህ እኔ በሄድኩ ቁጥር የመጨረሻውን እራት እኔ ቤት መጥተህ ትበላለህ። እራት ካልጠየቅህ፣ አጥር ትሆናለህ።»

ማነው የነገራቸው? ጋሽ ዓለማየሁ ናቸው፤ ሌላ ማን ይሆናል። ከዚያ ቀን በኋላ የሌሊት ትኬት ለማንም ሰው እራቱን ሳልጠይቅ ለቅቄ አላውቅም። ዛሬም ቢሮ ሳይኖረኝ ሰፈርተኛው በስልኩ የቆረጠውን ትኬት እያሳየ «ካሱ፣ ይሄ በየትኛው ቀን ነው?» ይለኛል። እኔም ስልኩን በአንድ እጄ ይዤ ሳልለቅ እጠይቀዋለሁ። ባሾፍኩበት ልማድ ሲያሾፉብኝ መዋል ደግሞ እንዴት ያለ ደስታ መሰላችሁ።

ቢሮው ከመዘጋቱ በፊት የመጨረሻውን ትኬት የቆረጥኩት ለማን ይመስላችኋል? ትዕግሥት ሁለተኛዋን ልትወልድ ነበር። በረራው ዓርብ፣ ሌሊት ሰባት ከአርባ፤ ያው ገደል። ሐሙስ ማታ ቀጨኔ ወጣሁ። ሻንጣው ታስሮ በሩ ላይ ቆሟል። ትሪው ቀርቧል፣ ሽታው ከመድኃኔ ዓለም ጀምሮ ነው የጠራኝ። እጄን ታጥቤ ተቀመጥኩ።

«ስንት ሰዓት ነው፣ እትዬ ዘነበች?»

ማዞሪያ የሌለውን ሰዓት አዩ። «ሁለት።»

«እዚያስ?»

«ሁለት ነዋ» አሉና ትልቁን ጉርሻ ጠቅልለው ወደ አፌ ላኩት። «በል ዋጥ። አንተ ስትውጥ ካላየሁ ሐሙስ መሆኑን አላምንም።»